ለእኔ ጸሎት፣ ለእሱ ፎርም

ቂመኛ ነኝ። ለመመጻደቅም ለንስሐም ብዬ አይደለም የምናገረው፤ ሰው ቁመቱን ሲጠየቅ እንደሚናገረው ነው። እናቴ «የዚች ልጅ ሆድ የገባበትን ነገር አያስወጣም» ትላለች፤ ብቻችንን ስንሆን በሀዲይኛ፣ እንግዳ ሲኖር ደግሞ ሁሉም ይስማ ብላ በአማርኛ። ሆሳዕና ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባል አለኝ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አለችኝ፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን አልቀርም። ይህ ሁሉ እያለኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሰው ላይ ቂም ይዤ ኖርኩ። እንቅልፍ አልነሳኝም። እንዲያውም ስንት የከፋ ቀን በእሱ ተጽናንቼ አልፌያለሁ።

ሰውየው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ማለት ጉባኤው መርጦ የሚሾመው አገልጋይ ነው እንጂ የዕድሜ ነገር አይደለም፤ ያኔ አንድ ሽበት አልነበረውም። ቢሮ ሠራተኛ ነው፣ ከረባት ያስራል፣ አማርኛው እንደ ሬዲዮ ነው። እሁድ ከስብከቱ በፊት ማስታወቂያውንና የጸሎት ርእሱን የሚያነበው እሱ ነው። የጸሎት ርእስ ሲነበብ ደግሞ ስም አይጠራም፤ ደንባችን ነው። «አንድ ወንድማችን ታሟል»፣ «አንዲት እህታችን ሥራ ትፈልጋለች» ይባልና ይጸለያል። ያን ደንብ ይዛችሁ ቆዩ።

ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ ዓመት፣ የምንሄደውን ልጆች ሁሉ ወደ ፊት ጠርተው አንበረከኩንና ሽማግሌዎቹ እጅ እየጫኑ ጸለዩልን። የእኔ ራስ ላይ ያረፈው እጅ የእሱ ነበር። ከባድ እጅ ነው፤ አንገቴን ሁለት ቀን አመመኝ። እናቴ ከኋላ ሆና አለቀሰች። አባቴ ሆመቾ ላይ ሲሞት እኔን አዝላ ሆሳዕና የገባች፣ ገበያው በር ላይ ቅቤ እየሸጠች ያሳደገችኝ ሴት ናት። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ባታለቅስ ነበር የሚገርመው።

የተባረርኩት በአንደኛው ሴሚስተር ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ እሱን በማንም አላላክክም። ከክፍል አንደኛ እየወጣሁ የመጣሁ ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም ማለት ሞት መስሎ ታየኝ። አስተማሪው ስላይዱን ያገላብጣል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን አላነበውም። ሌሎቹ ሲጠይቁ እስቃለሁ። ፋይናል ደረሰ። አንድ ኤፍ፣ ሦስት ዲና ሁለት ሲ ይዤ ወጣሁ። ሰሌዳው ላይ ከመታወቂያ ቁጥሬ ጎን «ዲስሚስድ» ተብሎ ተለጥፏል። ከገጹ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ሌላ ነገርም ነበር፤ እንባ በሞላው ዓይን ግን ትንንሽ ፊደል አይነበብም።

ከግቢ ለመውጣት ክሊራንስ መጨረስ አለበት። ከላይብረሪ፣ ከካፌ፣ ከዶርም ኃላፊው ዘንድ እየዞሩ፣ በእጇ የቀረ የግቢው ንብረት የለም የሚል ማህተም ማስመታት ማለት ነው። በየመስኮቱ ደግሞ «ምነው? ለምን ትወጫለሽ?» የሚል ሰው አለ። ላይብረሪው ጋ አንዱ ጠየቀኝ። ሁለተኛው እስኪጠይቀኝ አልጠበቅሁም። ፍራሼን ለክፍል ጓደኞቼ ትቼ፣ ሻንጣዬን ይዤ፣ ጠዋት መኪና ተሳፈርኩ። ቲኬት ቆራጩ ሲመጣ እጄን ኪሴ ውስጥ ብከት የዶርሙ ቁልፍ ወጣ።

እናቴ አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «መመለሻ የለውም ወይ?» እኔ አላውቅም። እሷ ደግሞ ቢሮ የሚሠራ ሰው የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። በማግሥቱ ለራሷ ካስቀመጠችው ለጋ ቅቤ ከፍላ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ ሽማግሌው ቤት ሄደች። ቅቤውን ተቀበላት። ወንበር ሰጣት። ጉዳዩን ሰማና «እህቴ፣ ከተባረሩ ወዲያ በር የለውም። የቀረን ጸሎት ነው» አላት። እሷም ይህንኑ ይዛ መጥታ ነገረችኝ። የቢሮ ሰው ነውና አመንነው።

እሁድ መጣ። ሰውየው መነጽሩን አስተካክሎ ወረቀቱን ዘረጋ። የታመሙትን አነበበ፣ ሥራ የሚፈልጉትን አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና በቃሉ ቀጠለ።

«አንዲት እህታችንን ደግሞ እናስባለን። ስሟን አንጠራም። ባለፈው ጊዜ እዚሁ እጅ ጭነን የሸኘናት፣ ቤተሰቦቿ ከሆመቾ የመጡ፣ እናቷ ገበያው በር ላይ ቅቤ የምትሸጥ እህታችን ከዩኒቨርሲቲ ስለተባረረች፣ ጌታ የተዘጋውን በር እንዲከፍት እንጸልይ።»

ከስሜ በቀር ሁሉን ነገራቸው። እሱ ግን ስም ስላልጠራ ምስጢር የጠበቀ ነው የመሰለው፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ጉባኤው በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። ፊት ለፊታችን የነበረች ሴትዮ ለማየት እንዲመቻት ሕፃኗን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና መጸለይ ጀመረች፤ ከልቧ ነበር የምትጸልየው። እኔ ወለሉን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አልኩ፤ ቆይ።

ከዚያ በኋላ ገበያ ውስጥ ቅቤ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እኔ ሆነ። «አይዞሽ፣ ጌታ ያውቃል» ይሉና አሽትተው ሳይገዙ ይሄዳሉ። እናቴ ቅቤ ስታመጣ እኔ እየመዘንኩ ስድስት ወር ቆየሁ። ነሐሴ ላይ የግል ኮሌጅ ልመዘገብ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ባለ ሱቋ የጉራጌ ሴት ናት፣ እጇም ምላሷም ፈጣን። የማሽኑ መስታወት ላይ ሰው ረስቶት የሄደ ወረቀት ነበር። አንስታ ስትሰጠኝ ራስጌውን አነበብኩት፤ የሪአድሚሽን ማመልከቻ ይላል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ለተባረሩ ልጆች ነው። ነጥቡ ከመጠን በላይ ያልወረደ ልጅ ትንሽ ቆይቶ በዚህ ያመለክትና ይመለሳል። አታውቂም እንዴ? የናንተው ሽማግሌ አይደል እንዴ ዓምና ለእህቱ ልጅ እዚሁ ኮፒ ያስደረገው! አምስት ኮፒ። ልጁ ተመልሶ ገብቶ እየተማረ ነው።»

ዓምና። ማለትም እናቴ ቅቤዋን ይዛ በሩን ከማንኳኳቷ በፊት።

በማግሥቱ ሁለት መኪና ቀይሬ ዩኒቨርሲቲው ደረስኩ። ሬጅስትራር መስኮት ላይ የነበረችው ሴትዮ ውጤቴን አየችና «ነጥብሽ ያስመልስሻል» አለች። ደስታዬ ከአፌ ሳይወጣ ቀጠለች። «ማመልከቻው ግን ባለፈው ሳምንት ተዘግቷል። ክሊራንስም የለሽም። ዛሬ ክሊራንስሽን ጨርሺ፣ የዛሬ ዓመት ነይ።» ቁልፉን ለዶርም ኃላፊው ስሰጠው ሳቀብኝ፤ ቁልፉ ሲጠፋ በሩን ሰብረው ቀይረውታል። ማህተሜን ሁሉ አስመትቼ ተመለስኩ። በመንገድ ላይ ያሰብኩት ስለ ትምህርቴ አልነበረም። አንድ ዓመት ከእድሜዬ ላይ ማን እንደወሰደው አውቄ ነበር።

በዓመቱ ተመልሼ ገባሁ። አልገባኝም ማለት ተማርኩ፤ በየክፍሉ እጄን እያወጣሁ አስተማሪዎቹን አሰለቸኋቸው። ተመረቅሁ፣ ሆሳዕና ተመደብኩ። እሁድ እሁድ ከሽማግሌው ወንበር አራት መደዳ ከኋላ እቀመጥና ማጅራቱን አያለሁ። እሁዶቹን እቆጥር ነበር ብል ማጋነን አይደለም። እሱ ሰላምታ ሲሰጠኝ «ጌታ በሩን ከፈተልሽ አይደል?» ይላል። አዎ ጋሼ፣ እላለሁ።

አንዴ ተባርሬ የተመለስኩ መሆኔ የታወቀ ስለሆነ ሌሎች የተባረሩትም ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ውጤት በወጣ ቁጥር ከዶዮገና፣ ከፎንቆ፣ ከሆመቾ፣ ውጤታቸውን ስልክ ላይ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ አባት ወይ አጎት ከጎኑ ሆኖ። መጀመሪያ ነጥቡን አያለሁ። የሚያስመልስ ከሆነ ፎርሙን አስሞላዋለሁ፤ የማያስመልስ ከሆነ የግል ኮሌጅ፣ ቴክኒክና ሙያ፣ ማታ የሚማሩበት ኤክስቴንሽን እንዳለ እነግራለሁ እንጂ በባዶ ተስፋ አልሸኝም። የወደቅህበት ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ እንዳይዋሹ አስጠነቅቃለሁ፤ ማመልከቻውን የሚያየው ኮሚቴ ሞቶ የማያውቅ አያት የገደለ ልጅ ስንት አይቷል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቁልፉን መልሰሃል? ከዚያ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይገባል። የእኛ አገር ልጅ ሲያፍር ክሊራንስ አይጨርስም፣ ይጠፋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሽማግሌው ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጧል። ራሱ ነጭ ሆኗል። እግሩ ሥር በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አለ። ለቅቤ ሻጭ ልጅ ቅቤ ይዞ መጥቶልኛል።

«ልጄ፣ የመጣሁት ስለ ትንሿ ልጄ ነው» አለኝ።

«ምን ሆነች ጋሼ?»

«ትምህርቷ ላይ ትንሽ...»

«ትንሽ ምን?»

«አልሆነላትም።»

«አልሆነላትም ማለት?»

ሁሉም ገብቶኝ ነበር። ቃሉን ከአፉ መስማት ነበር የፈለግሁት። በመጨረሻ «ተባረረች» አለ። ውጤቷን አሳየኝ፤ ያስመልሳታል። ማመልከቻው ግን ማክሰኞ ይዘጋል። ልጅቷ ደግሞ እንደ ሁሉም ክሊራንስ ሳትጨርስ ጠፍታ መጥታለች።

«ያኔ እናቴ መመለሻ የለውም ወይ ብላ ስትጠይቅዎት ፎርሙን ያውቁት ነበር» አልኩት።

አልካደም። ይህን እንኳ አልነፍገውም። «የእህቴ ልጅ መባረሩን ማንም አያውቅም ነበር። ፎርሙን አውቃለሁ ብል፣ ከየት አወቅህ ይሉኛል» አለ።

«ስለዚህ ለእኔ ጸሎት፣ ለእሱ ፎርም።»

«ጸሎቱን ከልቤ ነው የጸለይኩት፣ ልጄ።»

እውነቱን ነበር። ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ አጭር ነው። «እሁድ የጸሎት ርእስ ሲያነቡ ይናገሩ። ስም እንዳይጠሩ። እኔን ባደረጉበት ዓይነት፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሁሉም እንዲያውቅ አድርገው ይናገሩ። ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ይላኩልኝ። ሬጅስትራሯ ወዳጄ ናት፤ ክሊራንሱንም ፎርሙንም ማክሰኞ ከመዘጋቱ በፊት አስጨርሳታለሁ።»

«ካልተናገርኩስ?»

«ፎቶ ኮፒ ቤቱን ያውቁታል።»

ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። እናቴ ከጓዳ ሁሉን ሰምታለች። ወጥታ ኮባውን ገለጥ አደረገችና ቅቤውን በአውራ ጣቷ ተጭና አሸተተችው። «ሙዝ አለበት» አለች። ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ልጅቷ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ።

«ልጅቷን ማን ነካት? የምፈልገው እሱን ነው» አልኳት።

እሁድ የሠርግ ቀሚሴ ብቻ ሲቀር ያለኝን ሁሉ ለብሼ ሄድኩ። አራተኛው መደዳ አልበቃኝም፤ ከፊት ተቀመጥኩ። ሰውየው ወረቀቱን ዘረጋ። መነጽሩን ሁለት ጊዜ አውልቆ ጠረገ፤ ጣፈጠኝ። የታመሙትን አነበበ። ሥራ የሚፈልጉትን አነበበ። ወረቀቱን አጠፈ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ከእኔ ላይ ዓይኑን አነሳ።

«አንዲት እህታችንን እናስባለን። ስሟን አልጠራም። እጅ ጭነን የሸኘናት፣ መዘምራን ውስጥ በስተግራ ዳር የምትቆመው፣ አባቷ ይህን የሚያነብላችሁ ሰው የሆነ እህታችን፣ ከዩኒቨርሲቲ ተባርራለች። እንጸልይላት።»

ጉባኤው በሙሉ ዞረ። ወደ እሱ አይደለም። መዘምራኑ ከስብከቱ በፊት ሊዘምሩ መድረኩ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ ግራው ዳር ዞረ። ልጅቷ እዚያ ቆማለች፣ ቀይ ጋውን ለብሳ፣ ከእግሯ እስከ ራሷ የምትደበቅበት ነገር ሳይኖራት። አባቷ እንደሚናገር አልነገራትም። እኔ እንኳ ያኔ ከፊቴ የሚከልለኝ ወንበር ነበረኝ። ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ጠፋት። መዝሙሩ ተጀመረ፤ አፏ ይከፈታል፣ ከእሷ በኩል ግን የሚወጣ ድምፅ የለም።

እኔም ዞሬ እያየኋት ነበር።

ሲያልቅ ደጅ ላይ ሰው ሰውየውን እያቀፈ ያለቅሳል። «ምን ዓይነት ትሕትና ነው!» ይላሉ። «አባት ማለት እንዲህ ነው፣ ቤቱን ሳይደብቅ!» አንዷ አሮጊት እጁን ሳመችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁለት ውርደት ለእሱ ክብር ሆነለት፤ ከዚያ እሁድ ወዲህ የሚታፈረው በእጥፍ ነው። ልጅቷ ጋውኗን ሳታወልቅ በጓሮ በር ወጥታ ሄዳ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሰዓቷ መጣች። ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቤት ጠበቅኋት። የምትለኝን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስድብም ቢሆን። እሷ ግን ቁልፉን መልሰሻል ወይ ሳልላት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ቀይ ክር አስራበታለች። ለሬጅስትራሯ ደወልኩ። ፎርሙን አብረን ሞላን። የወደቅሽበት ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አቆመች።

«እውነቱን ጻፊ» አልኳት።

«አልገባኝም ማለት አፈርኩ» ብላ ጻፈች። በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበረበት፤ እኔ ተረጎምኩላት።

ማክሰኞ የሚዘጋው መስኮት ጋ በጊዜ እንድትደርስ ወደ መናኸሪያ የሚወስዳት ባጃጅ ጠራሁላት። ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቀለለች። በሩ ላይ ደርሳ ቆመችና ዞር አለች።

«ቲቸር፣ ስለ ፎርሙ አመሰግናለሁ። ብቻዬን አልችለውም ነበር።» ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። «አባቴ ማን እንዳስገደደው ነግሮኛል። እሁዱን ግን አልረሳልሽም።»

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ እኔን አይደለም የምታየው። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ በከለር ትሥላለች፤ እሷን ነው የምታያት።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት። መስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች።»

«ጎበዝ ትሁን» አለችና ወጣች።

ተመልሳ ገባች፤ ውጤቷም ደህና እንደሆነ ሬጅስትራሯ ነግራኛለች። እሁድ ከመዘምራን ጋር አትቆምም፤ ለዕረፍት ስትመጣ የምትቀመጠው ከእኔ አራት መደዳ ከኋላ ነው። የምታጠናው መምህርነት ነው። ልትመረቅ ሦስት ዓመት ይቀራታል፣ ልጄ ያኔ አራተኛ ክፍል ትሆናለች። ማጅራቴ ላይ ዓይን ሲያርፍ ይታወቀኛል። አልዞርም።